ለአሮጌ መኪና ሞተሪኖ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ዛሬም ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆና ላንድ ሮቨር የሚነዳ ሰው አለ። አንዳንዱ ከአባቱ የወረሰው ነው። አንዳንዱ ለጥር ሰርግ የሚያከራየው ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «አሮጌዬን ይዤ ልቆይ» የሚለው በዝቷል። ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ሲበላሽ ሁሉም የሚጠይቀው «የት አገኛለሁ?» ብሎ ነው። እኔ ግን «የድሮው እጅህ ላይ አለ?» እላለሁ። የድሮውን አውጥቶ በሜትር የለካ ሰው የሚገጥመውን ያገኛል። የመኪናውን ስም ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይገዛል።

መኪናው አልነሳ ሲል ጥፋቱ የሞተሪኖው መሆኑን በምን ልወቅ?

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል። አንዴ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሶሌኖይዱ (ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሪኖው የሚያስገባው ማብሪያ)፣ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ወይም ገመዱ ይጠረጠራል። ሞተሪኖው በባዶ እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ ቤንዲክሱ (ፒኞን የምትባለውን ትንሽ ባለጥርስ ወደ ፊት የሚወስደው ክፍል) ከቮላኖው (ሞተሩ ላይ ካለው ትልቅ ባለጥርስ ክብ) ጥርስ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ግን ቁልፉን ልቀቁ። እያንዳንዱ ሙከራ ጥርስ ይበላል።

ቀጥሎ የፊት መብራት አብሩና እንደገና ሞክሩ። መብራቱ ጭልም ብሎ ከጠፋ ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ ሞርሴቶው (ገመዱን ባትሪው ራስ ላይ የሚይዘው) ላልቷል፣ ወይ ሞተሪኖው ተይዟል። መብራቱ ምንም ሳይደክም ሁሉም ጸጥ ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ውስጥ እየገባ አይደለም።

ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ መገመት አያስፈልገውም። የሞላ 12 ቮልት ባትሪ ሳይነካ ሲቀመጥ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው ሞተሩን እያዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን አስፈትሹ። ባትሪው ደህና ከሆነ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ፖዚቲቭ ራስ ላይ አድርጉ። ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ አድርጋችሁ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ገመዱን ወይም ሞርሴቶውን ሳትቀይሩ ሞተሪኖ ብትገዙ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

ማሳውንም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ አትርሱ። ከሞተሩ ወደ ሻሲ የሚሄደው የማሳ ገመድ ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የጋዙን ወይም የአየር መዝጊያውን ቀጭን ሽቦ ነው። መኪናውን ለማስነሳት ስትሞክሩ ከዳሽቦርዱ ስር ጭስ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያስተካክለው አንድ ገመድና ሁለት ብሎን ነው።

አሮጌውን ላሠራው ወይስ አዲስ ልግዛ?

እኔ ለማሠራት አደላለሁ። የድሮ ሞተሪኖ በወፍራም ብረትና በእውነተኛ መዳብ የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ካርቦኑ፣ ቡሹ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ወይም ቤንዲክሱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ይቀየራሉ። አርማቸሩ (ውስጥ የሚዞረው ክፍል) ላይ ካርቦኑ የሚሄድበት የመዳብ ክፍል ከተቦረቦረ ቶርኖ ቤት በቀጭኑ ይላጣል። ከተላጠ በኋላ በመዳቦቹ መካከል ያለው ማይካ ዝቅ ብሎ መፋቅ አለበት። ይህን የሚዘሉ ባለሙያዎች አሉ። ማይካው ከፍ ብሎ ከቀረ ካርቦኑ ይነጥራል፣ ይበልጭልጫል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት «እስኪ አሳየኝ» በሉ።

የነሐስ ቡሹም ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዘይት የሚመጥ ዓይነት ከሆነ ከመግጠም በፊት ሞተር ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ደረቁን ከተገጠመ ዕድሜው አጭር ነው።

አዲስ መግዛት የሚሻለው መቼ ነው? አርማቸሩ ከተቃጠለ፣ ማለትም ሲከፈት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ከሸተተና ሽቦው ከጠቆረ። ማስጠቅለል ይቻላል። ግን ጥሩ ጠቅላይ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የፊት ቀፎው ከተሰነጠቀም እንዲሁ። የተሰነጠቀ ቀፎ የሚበየድበት ጊዜ አለ፣ ዘንጉ ግን ቀጥ ብሎ መቀመጡን ማንም አያረጋግጥላችሁም።

ልገዛ ከወሰንኩ ምን ምኑን ላመሳስል?

ሁለቱን ሞተሪኖዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋድሙ። ከዚያ ካሊፐር ያዙ። ከሌለ ማስመሪያም ይሠራል።

ቮልቱ አንድ መሆን አለበት። የፒኞኑን ጥርስ ቁጠሩ። ቁጥሩ እኩል ሆኖ እንኳ የጥርሱ ውፍረት ሊለያይ ስለሚችል አንዱን ፒኞን ከሌላው ጋር ጥርስ ለጥርስ አገናኝታችሁ እዩ። የሚዞርበት አቅጣጫ ከፒኞኑ በኩል ሲታይ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ? ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። በተሳሳተ አቅጣጫ የሚዞር ሞተሪኖ በልክ ሊገጥም ይችላል፤ ሞተሩን ግን አያስነሳም።

ከዚያ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ስንት ነው? ከመሃል እስከ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ የሚሰካው ክብ አንገት ዲያሜትሩስ? ፒኞኑ ሲያርፍ ከፍላንጁ (ሞተሪኖው ከሚታሰርበት ፊት) ምን ያህል ይርቃል? ወደ ፊት ሲወጣስ? ይህን የመጨረሻውን ልኬት የሚዘነጋ ሰው ሁለት ችግር ሊገጥመው ይችላል። ፒኞኑ ለቮላኖው በጣም ከቀረበ ሞተሩ ተነስቶም ከቮላኖው ጋር ይፋጫል። በጣም ከራቀ የጥርሱን ጫፍ ብቻ ይይዛል፤ ያ ጫፍ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል።

የሶሌኖይዱ አቀማመጥም ይታይ። ከላይ ነው፣ ከጎን ነው? ከጭስ ማውጫው፣ ከሻሲው ወይም ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል? ሻጩ «ይገባል፣ ይገባል» ሲላችሁ መኪናው እሱ ፊት እንዳልቆመ አስቡ።

በቀፎው ላይ የተመታውን ቁጥር በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ቦሽ፣ ሉካስ፣ ማኜቲ ማሬሊ፣ ዱሰሊየር፣ ፓሪስ ሮን ሁሉም ቁጥር አላቸው። ያ ቁጥር ከመኪናው ስምና ዓመት ይበልጥ ይታመናል። ግን ከ40 ዓመት በላይ የኖረ መኪና ላይ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ሌላ ሞተሪኖ ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩንም፣ ልኬቱንም ያዙ።

ቮልስ ነው ያለኝ። 6 ቮልት ነው ወይስ 12?

የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ወደ 12 የዞሩት። እኛ አገር ግን ብዙዎቹ ተቀይረዋል። ባትሪውና አምፖሉ 12 ይሆንና ሞተሪኖው የድሮው 6 ቮልት ሆኖ ይቀራል። የባትሪውን ክዳን በመቁጠር ብቻ አትፍረዱ። ሦስት ክዳን 6 ቮልት፣ ስድስት ክዳን 12 ቮልት መሆኑ እውነት ነው። ያ ግን የባትሪውን እንጂ የሞተሪኖውን አይነግራችሁም።

የ6 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ይሠራል ወይ? ይሠራል። እንዲያውም እየፈጠነ ይሠራል። ግን ፒኞኑ ጥርሱን በኃይል ይመታዋል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከዞረ ደግሞ ይግላል። መኪናዋ በአንድ ንክኪ የምትነሳ ከሆነች ብዙ ትቆያለች። እየለመናችኋት የምትነሳ ከሆነች አይመከርም።

እውነተኛው ወጥመድ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአብዛኞቹ ቮልሶች የሞተሪኖ ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በራሱ በሞተሪኖው ውስጥ ሳይሆን ካምቢዮው ቀፎ ላይ በተሰካ ትንሽ ቡሽ ውስጥ ነው። የ6 ቮልቱ ዘንግ ወፈር ይላል፣ የ12ቱ ይቀጥናል። የ12ቱን ሞተሪኖ በ6ቱ ቡሽ ላይ ብትገጥሙ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ይያዛል። ስለዚህ ሞተሪኖ ስትገዙ የሚስማማውን ቡሽ አብራችሁ ግዙ። ርካሽ ነው። የድሮው በልኩ በተመረጠ ታፕ ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ በቀስታ ተመትቶ ይገባል። ካምቢዮው ባለ አውቶማቲክ ፍሪሲዮን ለሆነው ቮልስ የተሠራው ሞተሪኖ ግን የራሱ አፍንጫ ስላለው ያን ቡሽ አይፈልግም። ካገኛችሁት ከሁሉም እሱን ነው የማስመርጠው።

ቮላኖውንም ቁጠሩ። የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ አለው፣ የ12ቱ 130።

ላንድ ሮቨሬ ባትሪው ተገልብጦ ነው የታሰረው። ሞተሪኖውን ይነካዋል?

ተገልብጦ ላይሆን ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ማሳቸው ፖዚቲቩ ነበር። ላንድ ሮቨርም እንደዚያ ነበር። ያየ መካኒክ ሁሉ «ማን ነው እንዲህ ያሰረው?» ብሎ ሊገለብጠው ይቸኩላል። አስቁሙት።

የድሮው የሉካስ ሞተሪኖ ለዚህ ግድ የለውም። ውስጡ ያለው ማግኔት በሽቦ ጥቅልል የሚሠራ ስለሆነ ፖዚቲቭና ኔጋቲቭ ሲለዋወጡ የአርማቸሩም የጥቅልሉም አቅጣጫ አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱም ሲገለበጡ ዙሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። አዳዲሶቹ ቀላል ሞተሪኖዎች ግን ብዙዎቹ ቋሚ ማግኔት አላቸው። እነዚህን ፖዚቲቭ ማሳ ያለው መኪና ላይ ብታስሩ ወደ ኋላ ይዞራሉ። ስለዚህ ወይ ጥቅልል ያለውን ትገዛላችሁ፣ ወይ መኪናውን በሙሉ ወደ ኔጋቲቭ ማሳ ታዞራላችሁ። ማዞር ከፈለጋችሁ ዲናሞውም እንደ አዲስ መቃኘት አለበት። ሬዲዮ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ንቀሉት።

ሌላው ነገር፣ የቤንዚኑ ላንድ ሮቨር ሞተሪኖ ሶሌኖይድ በላዩ የለውም። ሞተሪኖው በድንገት መዞር ሲጀምር ፒኞኑ በጠመዝማዛው ዘንግ ላይ ራሱ ተወርውሮ ይገባል። ይህ ዓይነቱ ቤንዲክስ ግራሶ አይወድም። ግራሶ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ፒኞኑን ያስራል፣ ከዚያ «ሞተሪኖው ሞተ» ይባላል። በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁት። ከጎርጎራ ወይም ከደባርቅ መንገድ አቧራ ጠጥቶ የመጣ ላንድ ሮቨር ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው። የናፍጣው ሞተሪኖ ደግሞ ሌላ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ጉልበቱም ሌላ ነው። የቤንዚኑን ለናፍጣ አትሞክሩ።

ፊያትና ፔጆስ?

ትንሿ ፊያት 500 ሞተሪኖዋ የሚነካው በቁልፍ ሳይሆን በወንበሮቹ መካከል ባለ ማንሻ ነው። ማንሻው በሽቦ ይጎትተዋል። ስለዚህ ምትክ ስትፈልጉ የሚጎተት ክንድ ያለውን ፈልጉ። ፔጆ 404 እና 504 ላይ ዱሰሊየር ወይም ፓሪስ ሮን ታገኛላችሁ። የአንዱ የውስጥ ዕቃ ለሌላው ስለማይሆን ካርቦን ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። 404 የማኖቬላ (ሞተሩን በእጅ የሚያዞሩበት ብረት) ቀዳዳ አላት፣ ማኖቬላዋን ያልጣለ ሰው ሞተሪኖ እስኪመጣ አይጨነቅም።

ማርሽ ያለው አዲሱ ቀላል ሞተሪኖ ከድሮው ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

በጉልበት በኩል አዎ። ውስጡ ትንሽ ፈጣን ሞተርና ዙሩን ወደ ጉልበት የሚቀይር ማርሽ አለው። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከባትሪው የሚስበውም ያነሰ ነው። ሞተሩ ሲግል እንቢ ለሚል መኪና በጣም ይረዳል። ከላይ ያልኩት የማሳ ጉዳይ ግን አለ። በተጨማሪ ሲበላሽ ጎንደር ላይ የውስጥ ዕቃውን ማግኘት ከባድ ነው። የድሮውን አታስወግዱ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ትልቅ ጉልበት ያለው ሞተሪኖ ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየርም ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሞተሪኖው እንዲያውም ትንሽ ይቀለዋል። የሚቸገረው ካርቡራተሩ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተቃኘ ካርቡራተር እዚህ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይርሳል፣ ሰውየው ቁልፉን ይዞ ይቆያል፣ ሞተሪኖው ይግላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሲሆን ደግሞ ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪውም ይሰንፋል።

ደንቡ ይኸው፦ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙት። አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። ሦስተኛው ላይ ካልተነሳ ካንዴላውን ፍቱ እንጂ ሞተሪኖውን አታሠቃዩ።

የቮላኖው ጥርስ ከተበላስ?

አዲስ ሞተሪኖ የተበላ ጥርስ ላይ መግጠም አዲሱን ፒኞን መግደል ነው። ሞተሪኖው ሲወርድ የሚከፈተው ቀዳዳ በቂ ነው። በስልክ መብራት እያያችሁ ሰው ሞተሩን በፑሊው ብሎን በቀስታ በእጅ ያዙርላችሁ። የተጎዳውን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ጥርሱም የሚበላው ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ነው። «አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ይፋጫል» የሚባለው በሽታ ምንጩ ይህ ነው።

ላንድ ሮቨር ላይ የጥርሱ ቀለበት ለብቻው ስለሆነ በእሳት ተሞቆ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ቮልስ ላይ ግን ከቮላኖው ጋር አንድ ወጥ ነው። ሙሉ ቮላኖ መፈለግ ግድ ነው።

በግፊ ማስነሳት ይጎዳዋል?

ለጊዜው አይጎዳውም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ያላት ከተማ ውስጥ ሆኖ ደግሞ የማይሞክረው የለም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ መልቀቅ። ጨርሶ ባዶ ባትሪ ካለ ግን ግፊም አይሠራም፤ ካንዴላው እሳት ከየት ያመጣል? እየገፋችሁ ወራት መቆየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጓደኛ ታጣላችሁ።

ከየት ልግዛ?

መጀመሪያ እዚሁ ጠይቁ። አራዳ አካባቢ ካሉት መለዋወጫ ቤቶች፣ ከዚያ የቆመ መኪና ካላቸው ሰዎች። ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለባት አንዲት ቮልስ የማታውቅ ሰፈር ያለች አይመስለኝም። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። እዚያ ያገለገለ ዕቃ ስታስገዙ የምትልኩት ሰው ልኬቱንና ፎቶውን ይያዝ፤ ባትሪ ላይ ሳያስነካ አይክፈል። ሞተሪኖው ሲነካ መሬት ላይ በእግር ተይዞ ይሁን፤ ሲነሳ ይዘላል። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በየጊዜውም ይዘጋል። «አልሆነም» ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም።

ውጭ አገር ዘመድ ካለ ሙሉ ሞተሪኖ አታሸክሙት። ካርቦን፣ ቡሽና ቤንዲክስ ያምጣላችሁ። ሦስቱም ሻንጣ ጥግ ውስጥ ይገባሉ፣ አሮጌውንም አዲስ ያደርጉታል።

ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ቮልስ ላይ ይቻላል። መጀመሪያ የባትሪውን የማሳ ገመድ ፍቱ። ወፍራሙ ገመድ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው፤ ቁልፋችሁ ቦዲ ከነካ ይበየዳል። የላይኛው ብሎን ዳዶ በሞተሩ ክፍል በኩል ስለሆነ አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከስር ያስፈልጋል። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ከስር አትግቡ፤ መደገፊያ አድርጉ፣ ጎማውንም ድንጋይ አስይዙ።

ሞተሪኖው ማሳውን የሚያገኘው በራሱ ቀፎ በኩል ነው። ስለዚህ የሚቀመጥበትን ፊት ከቀለም፣ ከዝገትና ከዘይት አጽዱ። አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተሪኖ ከሆነም ፍላንጁን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ከታሰረ በኋላ የባትሪውን ማሳ መልሱ፤ ከዚያ የኮኢሉን መሃል ገመድ ነቅላችሁ ማሳ አስይዙትና ቁልፉን ለሁለት ለሁለት ሰከንድ ሁለት ሦስቴ አዙሩ። ሞተሩ ሳይነሳ ይዞራል፣ የመፋጨት ድምፅ ካለም ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሌለ የኮኢሉን ገመድ መልሱና አስነሱት።